ከጉም ውስጥ የመለሰው ድምፅ

«አንድ ሰው ነበረ» አሉ የቀድሞ የሥራ አለቃዋ ጋሽ ላቀው፣ ትርሲት ጥያቄዋን እንደጨረሰች። የጠየቀቻቸው ስለ መሥሪያ ቤቷ ሰርቨሮች፣ የደንበኞችን ጥያቄ ስለሚያስተናግዱት ኮምፒውተሮች፣ ነበር፦ አንድ ጥሪ ለሁሉም በአንድ ጊዜ ይደርሳል፤ «አለሁ» ላለው ሥራ ይላክለታል፤ ታዲያ ሁሉም «አለሁ» እያሉ የደንበኞች ጥያቄ የት ነው የሚቀረው?

ሰውየው የአንድ ባለጸጋ ጠሪ ነበረ። ባለጸጋው ወንዙን ተከትሎ ከላይ እስከ ታች የውሃ ወፍጮዎች ነበሩት፤ በየወፍጮውም አንድ ባለወፍጮ ተቀምጦ ያስፈጫል። እህል የጫኑ ገበሬዎች ከገደሉ አፋፍ ሲደርሱ ጠሪው ቁልቁል «ማን ባዶ ነው?» ብሎ አንዴ ይጣራል። ማንንም በስሙ አይጠራም። ሥራ የበዛበት ዝም ይላል፤ ሥራ የፈታው «ባዶ ነኝ!» ይላል። ጠሪውም ገበሬውን ድምፁ ወደመጣበት ይሸኘዋል። አዲስ ወፍጮ ቢተከል ማንም አይነግረውም፤ ሲመልስ ያውቀዋል። የተሰበረ ቢኖርም ዝምታው ይነግረዋል። አንዱ ጋ ሰው እየተጋፋ ሌላው ድንጋይ ሥራ ፈትቶ አይውልም ነበር።

ክረምት ነው። ወንዙ ሲያጓራ አድሮ ጠዋት ጉም ሸለቆውን ሞላው። ጠሪው ቢጣራ ከሁሉ ቀድሞ የመለሰው የታችኛው ወፍጮ ሆነ። ገበሬ ላከለት። ደግሞ ተጣራ፤ አሁንም «ባዶ ነኝ!» አለ። ሌላ ላከለት። ያ ወፍጮ ምን ቢላክለት አልሞላ አለ። «ዛሬስ በረታ!» ብሎ ጠሪው ደስ አለው። እኩለ ቀን ላይ ግን ወደ ታች ከላካቸው ውስጥ ዱቄት ይዞ የተመለሰ አንድም ሰው እንደሌለ ልብ አለ።

«ማን ባዶ ነው?»

«ባዶ ነኝ!» አለ ድምፁ ከጉሙ ሥር። ያው ድምፅ፣ ሳይደክም፣ ሳይለወጥ።

ጠሪው ብሎት የማያውቀውን ተጣራ፦ «ድንጋያችሁን አሰሙኝ!»

የላይኞቹ ወፍጮዎች ተራ በተራ አጉረመረሙ። ከታች የድንጋይ ድምፅ አልመጣም። «ባዶ ነኝ!» ብቻ።

እየዳበሰ ወረደ። ወፍጮው የለም። ቤቱንም ድንጋዩንም ጎርፍ ጠርጎታል። የላካቸው ገበሬዎች አህዮቻቸውን እንደያዙ ጉሙ ውስጥ ተሰልፈው ቆመዋል፤ ውሃው እግራቸው ሥር ደርሷል።

«ምን ትጠብቃላችሁ?»

«ተራችንን ነዋ! ባለወፍጮው እየመለሰ አይደል?»

ትንሽ እልፍ ብሎ የባለወፍጮው አባት ቋጥኝ ላይ ተቀምጠዋል። ልብሳቸው በስብሷል።

«አባባ፣ ልጅዎ የታለ?»

«ውሃ ወሰደው።»

«ታዲያ ለምን ይመልሳሉ?»

ሽማግሌው ቀና ብለው አዩት። «ዝም ካልኩማ ሞተ ትላላችሁ።»

ጠሪው ሽማግሌውን አዝሎ፣ ገበሬዎቹን አስከትሎ ወጣ። የቆሙበትን ደለል ወንዙ ሲውጠው ከኋላቸው ሰሙ። ከዚያ ወዲያ የድንጋይ ድምፅ ሳይሰማ ሰው አልላከም።

ጋሽ ላቀው ወደ ትርሲት ዞሩ። «ልጄ፣ ጠሪው ያንቺ ሥርዓት ነው፤ ገበሬዎቹ ደንበኞችሽ ናቸው። ሰርቨሩ ውስጥ ‹አለሁ› የሚለው ፕሮግራም አንድ ነው፣ ሥራውን የሚሠራው ሌላ። ሠሪው ሞቶ መላሹ ሊተርፍ ይችላል። ሥራ ስለሌለበትም ከሁሉ ቀድሞ የሚመልሰው እሱ ነው፤ ሰዉን ሁሉ ለእሱ ታስረክቢያለሽ። ጥሪው መልካም ነው፣ አትተዪው። ግን ‹አለህ?› ብለሽ በመልሱ ብቻ አትተማመኚ፤ ትንሽ የሙከራ ሥራ ስጪው፣ ጥቂት እህል አስፈጪውና እዪ። በይ አሁን ሂጂ፤ ተራችን ይደርሳል ብለው የቆሙ ሰዎች አሉ።»