የአስካለ ዕንቁና የአንጥረኛው ዓይን

ደላንታ ውስጥ ሰው ተሰብስቦ የአንዱን ስም ማንሳትና መጣል ሲጀምር፣ ከመካከል አንድ አዋቂ ጉሮሮውን ጠረግ አድርጎ ስለ ዕንቁና ስለ ጠርሙስ አንዲት ነገር ጣል ያደርጋል። ያን ጊዜ አፍ ሁሉ ይሰበሰባል። አባባሏን የሚያውቅ ብዙ ነው፤ በማን ላይ እንደ ተነገረች የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። እኔም ታሪኳን ሳልጨርስ አባባሏን አልነግራችሁም፤ ቸኩላችሁ እንዳትሄዱብኝ።

ነገሩ የሆነው የኦፓል ድንጋይ ከገደሉ መውጣት በጀመረ ሰሞን ነው። ቀድሞ ሰው ውሻ የሚያባርርበት ድንጋይ ውስጡ ቀይና አረንጓዴ እሳት እንዳለበት ሲታወቅ፣ ጎልማሳው ሁሉ ዶማውን ይዞ ወደ ገደሉ ወረደ። የወይዘሮ አስካለ አንድ ልጅ አዳሙም ወረደ። የባቄላ ፍሬ የምታህል አወጣና፣ "እማ፣ ይቺ አትሸጥም፤ ያንቺ ናት" ብሎ መዳፏ ላይ አስቀመጠላት። በሳምንቱ የሚቆፍረው ዋሻ ተደረመሰበት። ለአስካለ ከልጇ የቀራት ያቺ ድንጋይ ብቻ ሆነች። ደላላ ከደሴ ድረስ እየመጣ ቢለማመጣት፣ እንኳን ልትሸጥ ለማሳየትም እንቢ አለች።

ዓመቱ ሲሞላ ድንጋዩን በመቀነቷ ቋጥራ አንጥረኛው ቢያድግልኝ ዘንድ ሄደች።

"አያ ቢያድግልኝ፣ በብር አድርገህ አንገቴ ላይ አውልልኝ።"

"ትተሽልኝ ሂጂ። ሳምንት ይበቃኛል።"

"ዓይኔን ነው ትቼልህ የምሄደው፤ እወቀው።"

ቢያድግልኝ አርባ ዓመት ሙሉ ጠገራ ብር እያቀለጠ መስቀልና አምባር ሲሠራ የኖረ ሰው ነው። ኦፓል እጁ ሲገባ ግን ይህ የመጀመሪያው ነበር። ጠርዙን በውሃ እያራሰ ሲያለሰልስ ዋለና ማታ ጣሳ ውሃ ውስጥ ትቶት ተኛ። ጠዋት ቢያወጣው እሳቱ የለም። ደጅ ወጥቶ በፀሐይ አየው፤ የለም። ዓይኑን አሽቶ ደግሞ አየው፤ የለም። የአባቱ ዓይን የጠፋው በዚሁ ዕድሜ ነበር። "ተራዬ ደረሰ" አለ በልቡ፤ ለሚስቱ ለየሺ እንኳ አልተነፈሰም። ዓይኑ የደከመ አንጥረኛን ማን ብሩን አምኖ ይሰጠዋል? ድንጋዩን በጨርቅ ጠቅልሎ ሳጥን ውስጥ ከተተና ሌላ ሥራ ያዘ። በአራተኛው ቀን ቢፈታው እሳቱ እንደ ቀድሞው ይነዳል። ዓይኑ የተመለሰለት መስሎት "ተመስገን" አለና አፉን ዘጋ። ድንጋዩን በብር ከፍፎ ለአስካለ ሰጣት። አንገቷ ላይ ስታደርገው አለቀሰች፤ እሱም አብሮ ለማልቀስ ምንም አልቀረውም።

ጥምቀት ደረሰ። ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ይባል የለ፣ አስካለም ያን ዕለት ጥቁሯን አውልቃ ነጭ ለብሳ ወጣች። ውሃው ተባርኮ ሰው ሲረጭ፣ እናት ብቻ የምታደርገውን አደረገች። ሐብሉን ከአንገቷ አወለቀችና፣ "ለአዳሙ ነፍስ" እያለች ከውሃው ውስጥ ነክራ ይዛው ቆየች። ታቦቱ ሲነሳ ዓይኗን ገልጣ ብታይ፣ በእጇ ያለው እሳት የሌለው ባዶ ነገር ነው፤ በስተኋላው ያለው ብር ወለል ብሎ ይታያል።

ወንድሟ ደርበው ከእጇ ነጥቆ አየው። "ጠርሙስ ነው! ቀጥቃጩ ለውጦብሻል!" ብሎ ጮኸ።

ይህን ለመስማት የተዘጋጀ ጆሮ በዚያ አገር ሞልቶ ነበር። አንጥረኛን ሥራ ሲኖር ይለምኑታል፣ ዞር ሲል ያሙታል፤ የዱሮ በሽታ ነው። ከሰዓት በኋላ ግማሹ የጥምቀት ሰው በቢያድግልኝ ደጅ ላይ ነበር።

"የእህቴን ዕንቁ አምጣ!" አለ ደርበው።

"ዕንቁዋ በእጃችሁ ነው። እኔ ሌላ አላውቅም።"

ደርበው ድንጋዩን ከነብሩ ወስዶ ብር በሚቀጠቀጥበት መስፍ ላይ አኖረውና የራሱን የቢያድግልኝን መዶሻ አነሳ። "ዕንቁ መዶሻ አይፈራም። ጠርሙስ ከሆነ አሁን ይለይለታል።"

ቢያድግልኝን ላብ አጠመቀው። ይህ ድንጋይ ዕንቁም ቢሆን ከመዶሻ በታች ዱቄት እንደሚሆን እጁ ያውቃል። ዱቄት ከሆነ ደግሞ እሱ እስከ ልጅ ልጁ ሌባ ነው። የሚያድነው አንድ ነገር ብቻ ነበረው፤ እሱንም ከተናገረ እንጀራው ይዘጋል።

"ቆይ! በእናትህ ቆይ!" አለ። "ይኸ ድንጋይ በእኔም እጅ እንዲህ ሆኖ ያውቃል። ዓይኔ የጠፋ መስሎኝ ነው ያልተናገርሁት። አንድ ጠዋት ባዶ ሆኖ ታየኝ፣ ጠቅልዬ አስቀምጬ በአራተኛው ቀን ብፈታው እሳቱ ተመልሷል።"

የሺ በሩ ላይ ቆማ አፏን ያዘች። ደርበው ግን ሳቀ። "ሌባ ነህ ወይስ ዕውር? የቱን እንመን?"

ያን ጊዜ አባ ውበቱ የሚባሉ፣ ያለ እሳቸው በአገሩ እርቅ የማይወርድ ሽማግሌ ሰዉን ገፋ ገፋ አድርገው መጡና ዱላቸውን በመዶሻውና በድንጋዩ መካከል አስገቡ።

"አውርደው። የዛሬው ከጥምቀቱ ውሃ ዳር ነው የጠፋው፤ ቢያድግልኝ፣ ያኔስ ውሃ ነክቶት ነበር?"

"በውሃ ነው የሠራሁት አባ። ሌሊቱንም ጣሳ ውስጥ አድሯል።"

"አንቺስ አስካለ?"

"የጥምቀቱ ውሃ ውስጥ ነክሬዋለሁ" አለች።

"እንግዲያው አራት ቀን ይታይ። ድንጋዩም እሷ ዘንድ ይቀመጥ።"

"እስከዚያ ቢጠፋስ ይኸ ሰው?" አለ ደርበው።

"መሣሪያዬን ውሰዱት" አለ ቢያድግልኝ። "እሳቱ ካልተመለሰ አገር ለቅቄ እሄዳለሁ።"

ደርበው ወናፉን፣ መዶሻውንና ጉጠቱን ተሸክሞ ሄደ።

የመጀመሪያው ቀን ምንም ሳይታይ አለፈ። በሁለተኛው ቀን ደርበው ከቢያድግልኝ አጥር ውጭ ቆሞ ጮኸ። "ጭራሽ ኖራ ሆኗል! ምድጃ ዳር ላድርገው ብላት እንቢ አለችኝ እንጂ ዛሬውኑ ይለይልህ ነበር!" እውነቱን ነው፤ ድንጋዩ ነጭ ሆኖ ደፍርሷል፣ ጠርሙስ መምሰሉም ቀርቷል። ሥራ የለመዱት የቢያድግልኝ እጆች ጭኑ ላይ ተጋድመው ዋሉ። ዞር ብሎ ቢያይ የሺ ዕቃ ታስራለች።

"አራተኛው ቀን ገና ነው እኮ፣ የሺ።"

"መሄዱ አይደለም የከፋኝ" አለች ገመዱን እያጠበቀች። "ዓይንህ ሲደክም ለእኔ ያልነገርከኝ ለማን ልትነግር ነው?"

የገመዱን ሌላ ጫፍ ያዘላት።

በአራተኛው ቀን ሰዉ እንደገና ተሰበሰበ። አስካለ ድንጋዩን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ መጣች። ኖራ ሆኖ ካየችው ወዲህ ፈርታ አልፈታችውም።

"እርስዎ ይፍቱት አባ፤ እኔ አልችልም።"

"ያንቺ ነው፤ አንቺው ፍቺው።"

ቋጠሮው እንቢ ቢላት በጥርሷ ፈታችው። መጀመሪያ ቀዩ ብልጭ አለ፣ አረንጓዴው ተከተለ፣ ከዚያ እሳቱ ሁሉ በአንድነት ነደደ። "አዳሙ! ልጄ!" ብላ ደረቷ ላይ ለጠፈችው።

ቢያድግልኝ ግን ወደ ሚስቱ ነበር የዞረው። "ለአንቺም ይታይሻል?"

"ይታየኛል።"

"ቀዩም?"

"ቀዩም፣ አረንጓዴውም።"

ደጃፉ ላይ ተቀመጠና እንደ ሕፃን አለቀሰ። ዓይኑ ያኔም አልዋሸውም ነበር፤ እሳቱን የደበቀው ድንጋዩ የጠጣው ውሃ ነበር፣ ሲደርቅም መለሰው።

ደርበው ሹልክ ብሎ ሄደ። ሲመለስ ወናፉን በትከሻው፣ የይቅርታ ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ ጎንበስ ብሎ ነበር። ቢያድግልኝ ተነስቶ ድንጋዩን ከማጅራቱ አወረደለት። በጥምቀት ዕለት የተሳደበው ሁሉ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ሲቆም፣ አባ ውበቱ ዱላቸውን ተመርኩዘው ወደ ሕዝቡ ዞሩና፣ "ልጆቼ፣ ዕንቁ ሲርስ ጠርሙስ፣ ሰው ሲታማ ሌባ ይመስላል" አሉ።