ቅርጫቱ ውስጥ የቀረው ጠጠር

አንዲት ወይንሸት የምትባል የሳይንስ መምህርት ነበረች። ድምፅዋ ዝቅ ያለ፣ ስብሰባ ላይ የኋላ ወንበር የምትመርጥ፣ ሰው ሲያመሰግናት አንገቷን የምትደፋ ዓይን አፋር ሴት ነበረች። በዓመት አንድ ጊዜ የስድስተኛ ክፍል ልጆቿን ይዛ ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለው ደን ስትሄድ ግን ሌላ ሰው ትሆናለች። እዚያ ልጆቹ በሥዕል ብቻ የሚያውቁትን በእጃቸው ይነኩታል። ጅረቱ ውስጥ እስከ ጉልበታቸው ገብተው ድንጋይ እየገለበጡ፣ ከሥሩ የተጣበቁትን ነፍሳት በብርጭቆ ይለቅማሉ። የወደቀ ግንድ ላይ የበቀለውን እንጉዳይ በአጉሊ መነጽር ያያሉ። ዓይናቸውን ጨፍነው የዝግባን ቅርፊት ከወይራ ቅርፊት በመዳሰስ ይለያሉ።

ደኑ ግን ሰፊ ነው። ጉም በድንገት ይወርድበታል፤ በአንድ በኩል ገደል አለው። ወይንሸት ከሁሉ አብልጣ የምትፈራው ልጅ ጥሎ መመለስን ነበር። ለዚህ ፍርሃቷ የራሷን መላ አበጀች። ደኑ መግቢያ ላይ አንድ ቅርጫት ታስቀምጣለች። እያንዳንዱ ልጅ ከመንገዱ ዳር አንድ ጠጠር ያነሣና ሲገባ ቅርጫቱ ውስጥ ይጥላል፤ ሲወጣ ደግሞ አንድ ጠጠር አንሥቶ ይሄዳል። ቅርጫቱ ባዶ ከሆነ ሁሉም ወጥቷል ማለት ነው።

"ከጠፋችሁ አትሩጡ" ትላቸው ነበር። "እኔን ልትፈልጉም አትሞክሩ። ባላችሁበት ቁጭ በሉ። ጠጠራችሁ ቅርጫቱ ውስጥ እስካለ ድረስ ጥያችሁ አልሄድም።"

"ቲቸር፣ ጅብ ቢመጣስ?" ይላል አንዱ።

"ጅቡም ጠጠር ጥሎ ይግባ" ይላል ሌላው፤ ይሳሳቃሉ።

መላው ተወደደ። ርዕሰ መምህሩ አቶ ገበየሁ በየስብሰባው አነሡት፤ የጎረቤት ትምህርት ቤቶችም ወሰዱት። ወይንሸት አንገቷን ብትደፋም በልቧ ኮራች። ቀስ በቀስም ልጆቹን በስም መጥራቱን ተወችው። ቅርጫቱ ካለ ስም መጥራት ምን ያደርጋል?

በአንድ ዓመት አርባ ሦስት ልጆች ይዛ ሄደች። ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጠቆረ፤ ነጎድጓድ ተሰማ፤ ዝናብ ወረደ፤ ጉሙ እንደ ጭስ በዛፎቹ መካከል ገባ። ልጆቹ እየጮኹ ሮጠው ወጡ። አምስት ስድስት እጅ በአንድ ጊዜ ቅርጫቱ ውስጥ እየገባ፣ እየተገፋፉ ጠጠር አንሥተው መኪናው ላይ ተንጠላጠሉ።

"ኧረ ወይዘሪት፣ ወንዙ ድልድዩን ሳይውጠው እንውጣ" አለ ሹፌሩ። "ኋላ እዚህ ብንቀር እኔን እንዳትጠይቂኝ።"

ወይንሸት ቅርጫቱን ልታነሣ ጎንበስ ስትል፣ ውስጡ አንድ ጠጠር ተቀምጦ አየች። ግራጫ ነው፤ ወገቡን ነጭ መስመር ዞሮታል።

ቀና ብላ ደኑን አየች። ደን አልነበረም፤ ነጭ ግድግዳ ነበር። "የቀረ አለ?" አለች። ድምፅዋን ዝናቡ ዋጠው። ወደ መኪናው ሄዳ "ጠጠር ያላነሣ አለ?" ብላ ጠየቀች። አሥር ልጅ እየሳቀ እጁን አወጣ፤ "እኔ፣ እኔ" ተባለ።

"ቲቸር፣ ዳኜ ሲገባ ሁለት ነው የጣለው" አለች አንዷ። "አንዱ ለጅቡ ነው።"

መኪናው በሳቅ ተናወጠ። ወይንሸትም ይህን ሳቅ ማመን ፈለገች። ስም ለመጥራት አምስት ደቂቃ ይበቃል፤ ታውቃለች። ግን ወንዙ ያስፈራል፤ ሹፌሩ ሞተሩን አስነሥቷል፤ ደግሞም ያ የተመሰገነ ቅርጫት በሰው ፊት ሊያሳፍራት ነው። ጠጠሩን አንሥታ ኪሷ ከተተች። "እንሂድ" አለች።

ትምህርት ቤቱ በር ላይ አቶ ገበየሁ ጃንጥላ ይዘው ቆመዋል። "ሁሉም ተመለሱ?"

"ቅርጫቱ ባዶ ነው" አለች። ቅርጫቱ በእርግጥ ባዶ ነበር።

ወላጆች ልጆቻቸውን እየያዙ ሄዱ። በመጨረሻ አንዲት እናት ብቻዋን ቀረች፤ ወይዘሮ ጥሩዬ ናት። ባዶውን መኪና ጎንበስ ብላ አየችና ወደ ወይንሸት ዞረች። "አትጠገብ የታለች?" አለች።

ወይንሸት፣ አቶ ገበየሁ፣ እናትየዋና ወሬውን የሰሙ ጥቂት የሠፈር ሰዎች ወዲያው ወደ ደኑ ተመለሱ። ድልድዩን ውሃ ይዞት ስለነበር እስኪጎድል ወንዙ ዳር ቆመው ጠበቁ። ወይንሸት ያን ጊዜ ሁሉ እጇን ከኪሷ አላወጣችም። ጠጠሩ በመዳፏ ውስጥ ሞቀ። ከውሃው ድምፅ በላይ የእናትየዋን ትንፋሽ ትሰማው ነበር። ሊመሽ ሲል ሲደርሱ፣ የደኑ ጥበቃ ጋሽ ቢራራ ልጅቱን በካፖርቱ ጠቅልሎ ይዟት ቆሟል። ከአንድ ዝግባ ሥር ነበር ያገኛት። ጉልበቷን አቅፋ፣ ነፍሳት የለቀመችበትን ብርጭቆ በሁለት እጇ ይዛ፣ ከንፈሯ ጠቁሮ።

"ስጠራት ትሰማኛለች፤ አትነሣም" አለ ጋሽ ቢራራ። "ነይ እንጂ ብላት፣ 'ቲቸር ባለሽበት ቁጭ በይ ብለውኛል፤ ጠጠሬ ቅርጫቱ ውስጥ ነው፤ ይመጣሉ' ትለኛለች።"

አቶ ገበየሁ ደንግጠው ነበርና ድንጋጤያቸው ቁጣ ሆነ። "ቅርጫቱ እኮ ባዶ ነበር። ጠጠርሽን አንሥተሽ ከወጣሽ በኋላ ተመልሰሽ ገብተሻል።"

"አላነሣሁም" አለች ልጅቱ።

"ታዲያ የት ሄደ? በላሽው?"

ሁሉም ወደ መምህርቷ ዞሩ። ልጅቱም ዞረች፤ ፊቷ ላይ ጥርጣሬ አልነበረም። ቲቸር ይናገሩልኛል ብላ ነው የምታየው። ወይንሸት ሥራዋን አሰበች፤ ስሟን አሰበች፤ የእናትየዋን ዓይን አየች።

"ቅርጫቱ ባዶ ነበር" አለች።

ከማግስቱ ጀምሮ አትጠገብ በትምህርት ቤቱ "ድንጋይ የበላችው" ተባለች። "ዛሬ ምሳሽ ጠጠር በወጥ ነው?" ይሏታል። እናቷ በየጊዜው "ልጄ፣ እውነቱን ንገሪኝ፤ አልቆጣሽም" ትላታለች፤ እሷም "አላነሣሁም" ትላለች። የደኑ ጉዞ ተከለከለ። ከዚያ ወዲህ የመጡ ልጆች ዝግባን በጠመኔ ከተሣለ ሥዕል ተማሩት። ወይንሸት ጠጠሩን በጠመኔ ካርቶን ውስጥ አድርጋ መሳቢያዋ ውስጥ ቆለፈችበት። ልትጥለው ብዙ ጊዜ ሞክራለች። ግን መጣሉ ልጅቱን ሁለተኛ ጥሎ መሄድ እየመሰላት ትመልሰዋለች። ክፍል ውስጥ ሳለች ዝናብ ቆርቆሮውን መምታት ሲጀምር ሳታስበው ልጆቹን ትቆጥራለች፤ አንድ ይጎድልባታል፤ እንደገና ትቆጥራለች።

አሥራ ሁለት ዓመት አለፈ። አንድ መስከረም አትጠገብ ወደዚያው ትምህርት ቤት መጣች፤ የሳይንስ መምህርት ሆና። ጎንበስ ብላ "እንዴት ዋሉ ቲቸር" አለቻት። ጠረጴዛቸው ጎን ለጎን ሆነ። ወይንሸት በየጠዋቱ "ዛሬ ትጠይቀኛለች" እያለች ትገባለች። አትጠገብ አልጠየቀችም። አለመጠየቋ ከጥያቄው ይልቅ ያስፈራ ነበር።

በዚያው ዓመት አትጠገብ የደኑ ጉዞ እንዲቀጥል ጽፋ አመለከተች። ጉዳዩ በወላጆች ስብሰባ ላይ ቀረበ። አዳራሹ ሞልቷል። አንድ ጎልማሳ አባት ተነሣ።

"ልጆቻችን ደኑን ቢያዩ አልጠላም። ግን ማን ነው የሚወስዳቸው? ያን ቀን ወንዙ ዳር ቆመው ከጠበቁት አንዱ ነኝ። ጠጠሯን አንሥታ፣ ተመልሳ ገብታ፣ አገር ያሸበረች ልጅ ናት። ዛሬ ልጄን ምን ብዬ ልስጣት?"

"ድንጋይ የበላችው" አለ አንድ ሰው ከኋላ። ሳቅ ሆነ።

አቶ ገበየሁ አርጅተዋል፤ መነጽራቸውን አወለቁ። "መምህርት አትጠገብ፣ ሐሳቡን ብንተወው ይሻላል መሰለኝ" አሉ።

አትጠገብ ወረቀቶቿን መሰብሰብ ጀመረች። "አላነሣሁም" አለች ቀስ ብላ። የዚያች የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ድምፅ ነበር።

ወይንሸት የጠመኔውን ካርቶን ቦርሳዋ ውስጥ ይዛ ነው የመጣችው። ለምን እንደያዘችው ራሷም አላወቀችም ነበር። ተነሣች። የፊቱን ወንበር ያዘች። "ቅርጫቱ ባዶ አልነበረም" አለች።

"አይሰማም" አለ አንዱ።

"ቅርጫቱ ባዶ አልነበረም።"

"ኧረ ጮክ በይ እቱ፤ ምን እያልሽ ነው?"

ሦስተኛው ላይ ድምፅዋ እስከ በሩ ደረሰ። "ቅርጫቱ ባዶ አልነበረም። አንድ ጠጠር ቀርቶ ነበር። ኪሴ የከተትኩት እኔ ነኝ። ልጅቱን ጥዬ የመጣሁት ወንዙን ፈርቼ ነው። የዋሸሁባት ግን ወንዙን ፈርቼ አይደለም። እናንተን ፈርቼ ነው።" ካርቶኑን ከፍታ ጠጠሩን በመዳፏ ላይ አሳየቻቸው።

አትጠገብ መጥታ ጠጠሩን አነሣችው፤ አገላብጣ አየችው።

"ነጭ መስመር ነበረው" አለች። "ለእናቴ ስነግራት አላመነችኝም። ያለፈ ዓመት ልትሞት ስትል እጄን ይዛ ምን እንዳለችኝ ያውቃሉ? 'አሁንም አልቆጣሽም፤ እውነቱን ንገሪኝ' ነው ያለችኝ።"

ወይንሸት ይቅርታ ልትጠይቅ ፈለገች። ቃሉ ግን በጣም አነሰባት። አሥራ ሁለት ዓመት የፈራችው ሥራዋንና ስሟን ማጣት ነበር። ከዚያ የሚብስ ነገር ሳታየው ሌላ ቤት ውስጥ ደርሶ አልፏል።

ጉዞው ተፈቀደ። ወይንሸት ከሳይንስ ትምህርት ክፍል ኃላፊነቷ እንድትነሣ ተደረገ። ሁለቱ መምህራን ጎን ለጎን ተቀምጠው ለብዙ ሳምንት ከሰላምታ በቀር አልተነጋገሩም። የጉዞው ዋዜማ አትጠገብ ወደ ጠረጴዛዋ መጣች።

"ቅርጫቱን የሚጠብቅ ሰው ያስፈልገኛል" አለች።

"እኔን ነው?"

"ባዶ አለመሆኑን ከእርስዎ የበለጠ የሚያውቅ የለም።"

በማግስቱ ልጆቹ በስም ተጠርተው፣ ጠጠራቸውን እየጣሉ ገቡ። አትጠገብ መጨረሻ ላይ ነጭ መስመር ያለውን ጠጠር ጣለች። ከሰዓት በኋላ ጉሙ ወረደ። ልጆቹ ወጡ፤ በስም ተጠሩ፤ አንድም አልጎደለም፤ ከሌላ መምህር ጋር መኪናው ውስጥ ገቡ። አትጠገብ ግን "መጣሁ" ብላ ወደ ደኑ ተመለሰች። ቆየች። ዝናቡ ጀመረ። ወይንሸት ቅርጫቱን አየች፤ ጠጠሩ አለ። ያ የድሮ ፍርሃት ከእግሯ ጀምሮ ወጣባት።

ሹፌሩ ጡሩምባ ነፋ። "ልጆቹ እኮ ሁሉም ገብተዋል፤ ምን ይጠበቃል?"

"አንድ ጠጠር ቀርቷል" አለች።

ቅርጫቱን ሳትነካ ወደ ጉሙ ዞረችና በዕድሜዋ ጮኻ በማታውቀው ድምፅ "አትጠገብ" ብላ ተጣራች። ሁለት ጊዜ ምንም አልተሰማም። ሦስተኛው ላይ ከሩቅ መልስ መጣ። "አለሁ ቲቸር። ባሉኝ ቦታ ነኝ።"

ወይንሸት እየተንሸራተተች፣ ቅርንጫፍ እየያዘች ገባች። አትጠገብ ከዝግባው ሥር ጉልበቷን አቅፋ ተቀምጣለች። ፊቷ ርሷል፤ ከዝናቡ ይሁን አይታወቅም።

"ዘገዩ" አለች።

"አውቃለሁ" አለች ወይንሸት። እጇን ዘረጋችላት፤ አትጠገብ ጥቂት አየቻትና ያዘችው። ተያይዘው ወጡ። ነጭ መስመር ያለውን ጠጠር አትጠገብ ራሷ አነሣችው።

የወይንሸት ጥፋት ሲጀምር የአንድ ጠጠር ያህል ነበር፤ አምስት ደቂቃ ይበቃው ነበር። ኪስ ውስጥ ሲገባ ግን ሸክሙ የደበቀችው ሴት ላይ ብቻ አልቀረም፤ ያመነቻት ልጅ ተሸከመችው፤ አንዲት እናትም ይዛው ወደ መቃብር ወረደች። የሚያሳፍረንን ስንደብቅ ራሳችንን ያዳንን ይመስለናል። እውነቱ ግን አንድ ሰው በእኛ ቃል ታምኖ፣ እኛ ባልነው ቦታ፣ ብርድ ላይ ቁጭ ብሏል። መናገር ያለፈውን ሁሉ አይመልስም። የተቀመጠውን ሰው ግን ያስነሣል።

እርስዎስ ኪስዎ ውስጥ ምን አለ? ከዝግባው ሥር የሚጠብቅዎት ማን ነው?