ስም የማይጠየቅበት ውሃ

ቀረብ በሉ ልጆቼ። ይህ የሆነው የአያቶቻችን አያቶች ገና በእናታቸው ጀርባ ታዝለው ሳሉ ነው፤ ጣናም ዛሬ ሽንብራ የምንዘራበትን ሜዳ ሁሉ ሸፍኖ ይተኛ ነበር። በዚያ ዘመን በሐይቁ ዳር አስረስ የሚባል ሰው ነበር። ጀግና አልነበረም። ባለ ርስትም አልነበረም። ደንገል አጭዶ፣ ደንገሉን አስሮ፣ ለሌላው ታንኳ ሲሠራ የሚውል ድሃ ነው። ለራሱ የነበረችው አንዲት አሮጌ ታንኳ ናት። ሲናገርም ቃል ይዘገይበታል። ገበያ ወጥቶ ለመከራከር ተራውን ሲጠብቅ ገበያው ይበተን ነበር።

አስረስ ፈንቴ የሚባል ታናሽ ወንድም ነበረው። አንድ ቀን ፈንቴ ከወዲያ ማዶ ሰው ጋር በዓሣ መረብ ምክንያት ተጣላ። ሰውየው በመቅዘፊያ መታው፤ ፈንቴ ወደቀ፤ አልተነሣም። የገዳዩን ስም ታውቀዋለህ ወይ ብትሉኝ አውቀዋለሁ። አባቴ በጆሮዬ ነግሮኛል። እኔ ግን አልነግራችሁም፤ ለምን እንደሆነ ኋላ ይገባችኋል።

ዓመቱ ሊሞላ ሆነ። እናቱ እትዬ አንጓች የልጃቸውን ተዝካር ማውጣት አለባቸው። ሰንጋ የለም፤ በግም የለም። ያኔ የዳሩ ሰው እንዲህ ሲቸግረው ተዝካሩን በዓሣ ያወጣ ነበር። መንደሩ ግን ከዓሣው ሌላ የሚጠብቀው ነገር ነበረው። «ደሙን መቼ ነው የሚመልሰው?» ይሉ ነበር፣ አስረስ ሲያልፍ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። አትሳሳቱ፤ አስረስም ይፈልግ ነበር። ሲተኛም ሲነሣም ያንን ሰው በሐሳቡ ይገድለው ነበር።

በተዝካሩ ዋዜማ አስረስ ከሁለት አብሮ አደጎቹ ጋር ዓሣ ሊያወጣ ሄደ። አንደኛው ጓንጉል ነው፤ ቁጡ፣ ለወዳጁ ግን ነፍሱን የማይሰስት። ሁለተኛው ሽበሺ ነው፤ ለቅሶ ቤት እንኳ ሰው የሚያስቅ ተረበኛ። ሐይቁ የዚያን ቀን እጁን ዘረጋላቸው። ቆሮሶው መጣ፤ አምባዛው መጣ፤ የታንኳው ሆድ ሞላ።

«አስረስ፣ ይሄን ሁሉ ዓሣ ፈንቴ ቢያይ ከመቃብሩ ተነሥቶ ‹ጅራቱን ለእኔ› ይልህ ነበር!» አለ ሽበሺ።

አስረስ ሳቀ። ወንድሙን ከቀበረ ወዲህ የሳቀው ያን ጊዜ ነው።

ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ተነሣ። ሊመለሱ ሲሉ ከፊት ለፊታቸው አንድ ጥቁር ነገር ብቅ ጥልቅ ሲል አዩ። ጉማሬ መሰላቸው። ቀርበው ሲያዩት ሰው ነው። ከሥሩ ታንኳ አለ፤ ታንኳው ግን ውሃ ጠጥቶ ሰጥሟል። መቼም ደንገል ውሃ እንደሚጠጣ ታውቃላችሁ። ታንኳ ከሐይቅ ሲወጣ ዛፍ ተደግፎ ይቆማል፤ ውሃው ይንጠባጠባል፤ ፀሐይ ያደርቀዋል። ያ ሰው ቸኩሎ ኖሮ፣ ማታ ያወጣውን ታንኳ ሳያደርቅ ጠዋት መልሶ አስገብቶታል።

ሦስቱም እኩል አወቁት። የፈንቴ ገዳይ ነው።

«አስረስ፣ እግዜር በእጅህ ጣለልህ!» አለ ጓንጉል። «ምንም አታድርግ። ቁጭ ብለህ እይ፤ ውሃው ይጨርስልሃል። ይሄ የውሻ ልጅ፣ ይሄ...»

ስሙን ሊጠራ ነው። አስረስ እጁን አነሣ።

«ስሙን አትጥራብኝ» አለው። «ስሙን ከሰማሁ እጄ አይዘረጋም።»

መቅዘፊያውንም ዘረጋ። ለምን እንደዘረጋ ራሱም አያውቅም። ዓመቱን ሙሉ በሐሳቡ ሲገድለው የኖረው ሰው የቆመ፣ ትከሻው የደነደነ ነበር። ይሄኛው ግን ከንፈሩ ጠቁሮ ይንቀጠቀጣል። ሰውየውም መቅዘፊያውን አየና ዓይኑን ጨፈነ። በምን እንደገደለ ያውቃልና፣ ሊመታኝ ነው ብሎ ነው።

«ያዘው» አለ አስረስ። «ያዘው፣ ሰውዬ።»

ያዘው። ጎትተው አወጡት።

ሰውየው ሲገባ ታንኳው ተንበረከከ። ማዕበሉ በጎን እየዘለለ ይገባ ጀመር። አንድ ነገር መውጣት አለበት፤ ወይ ሰው ወይ ዓሣ።

«ዓሣው የፈንቴ ነው!» ብሎ ጮኸ ጓንጉል። «ገዳዩን ለማሳፈር የሟቹን ተዝካር እንድፋ?»

ሽበሺ እንኳ የሚቀልድበት አጣ። አስረስ እናቱን አሰበ። ጎረቤት ዞረው የለመኑትን ድስት ሁሉ አሰበ። ትልቁን አምባዛ አንሥቶ ወደ ውሃው ጣለ። ቀጥሎ ቆሮሶውን ጣለ። ሽበሺ ተከተለው። ጓንጉልም እየተራገመ፣ እንባውን እየጠረገ ጣለ። ሰውየው የማን ድግስ እየተጣለ እንደሆነ ገባው። ተመልሶ ወደ ውሃው ሊንሸራተት ሲል አስረስ ልብሱን ጨምድዶ ያዘው፤ እስከ ዳር አልለቀቀውም።

ዳር ደረሱ። ጓንጉል ቀድሞ ዘለለ፤ አምባዛ የሚወጋበትን ጦር ይዞ መሬት ላይ ቆመ።

«በል እንግዲህ» አለ። «አሁን መሬት ነው። አሁን ስም አለው።»

ሰውየው አልሸሸም። ወረደ። ከዳሩ ድንጋይ አነሣ፤ ድንጋዩን ማጅራቱ ላይ አደረገ፤ ተንበረከከ። «እኔ እገሌ፣ የእገሌ ልጅ ነኝ» ብሎ ስሙንም የአባቱንም ስም በገዛ አፉ ተናገረ።

አስረስ ስሙን ሰማ። ወንድሙ የወደቀበት ቀን እንዳለ መጣበት። እግሩ መሬት ከነካ የፈንቴ ወንድም እንደሚሆን፣ የፈንቴ ወንድም ደግሞ ምን ማድረግ እንዳለበት ያውቃል። ጓንጉል ጦሩን በእጀታው በኩል አቀበለው። አስረስ አልተቀበለም። ከታንኳውም አልወረደም።

«ሂድ» አለ። «ሂድ፣ ሰውዬ። እኔ ገና ውሃ ላይ ነኝ።»

ሰውየው ድንጋዩን እንደተሸከመ ሄደ። አስረስ እርጥብ ታንኳው ላይ ቁጭ ብሎ ጀርባውን ያያል። ሰውየው ከዓይኑ እስኪጠፋ አልተነሣም። ከጠፋ በኋላ ወረደና መሬቱ ላይ ተደፍቶ እንደ ሴት አለቀሰ።

ቤት ሲገቡ ድስቱ ተጥዶ ይጠብቃል። አስረስ እየተንተባተበ ሁሉንም ለእናቱ ነገራቸው። እትዬ አንጓች የተጣደውን ድስት አወረዱ። ሦስቱም መሬት መሬት ያያሉ።

«በርዶት ነበር?» አሉ እናቱ።

«አዎ እማ። ይንቀጠቀጥ ነበር።»

«ታዲያ ጋቢህን አትሰጠውም ነበር?» አሉና ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

ተዝካሩ በንፍሮ ወጣ። የሳቁበት ነበሩ፤ ፈሪ ያሉትም ነበሩ። አስረስ ያንን ሰው ከልቡ ይቅር ብሎት ነበር ወይ ብትሉኝ፣ አላውቅም። እሱም አልተናገረም። ደንገሉን እያጨደ፣ ታንኳ እየሠራ ለሰው እየሰጠ ኖሮ ሞተ።

ከዚያ ወዲህ በእኛ ዳር ውሃ ላይ ስም አይጠየቅም። ከሐይቅ የወጣ ሁሉ «ሰውዬ» ነው፤ ሴትም ከሆነች «ሴትዮ» ናት፤ የማን ልጅ ነህ የሚለው የለም። ዳር ሲደረስም እንግዳው ቀድሞ ይወርዳል፤ ባለ ታንኳው ቁጭ ብሎ ይቆያል። «ምነው፣ አትወርድም?» ያሉት እንደሆነ «ገና ውሃ ላይ ነኝ» ይላል። ያን ጊዜ ማንም ደግሞ አይጠይቀውም። አብዛኛው ወዲያው ይወርዳል። አንዳንዱ ግን እስኪመሽ ይቀመጣል።