ዓሣ የሌለበት ብልቃጥ

አንድ የዓሣ መርማሪ ነበረ። ቆይ፣ እመልስልሻለሁ፤ «አባ፣ ምራቴ ቤቴ ከገባች ጀምሮ የምትሠራው ሁሉ ይመረኛል፤ ክፋቱ የእሷ መሆኑን በምን ልወቅ?» ያልሽኝን አልረሳሁም። መጀመሪያ ይህን ሰው ስሚው።

ሰውየው በሐይቅ ዳር ያደገ ነው። ተምሮ ትልቅ ደረጃ ደረሰና ሥራው ዓሣ ውስጥ ያለውን ማዕድን መለካት ሆነ። በዓይን የማይታይ፣ በምላስ የማይቀመስ፣ እጅግ ጥቂት ነገር! የተነሣው ለበጎ ነበር። ቆሮሶ የሚባለው የሐይቁ ዓሣ ለሕፃናት ምን ያህል ብረትና ዚንክ እንደሚሰጥ ለክቶ እናቶችን «አብሉ» ሊል ነው። ሲለካ ግን እርሳስ አገኘ፤ ያ የልጆችን አእምሮ የሚጎዳው መርዘኛ ማዕድን። በአንዱ ዓሣ ቢሆን ምንም አልነበር፤ በሁሉም ላይ!

ክው አለ። ዝም ቢል ሕፃናት ይመረዛሉ፤ ቢናገር ሐይቁ ይዘጋል፤ ያደገበት መንደር ደግሞ ከመረብ በቀር መተዳደሪያ የለውም። ቢጨንቀው ለሽማግሌዎቹ ብቻ «እስካጣራ ድረስ ልጆቻችሁ ባይበሉ ይሻላል» አላቸው። ወሬ መቼ በሰው ሆድ ያድርና! ወዲያው ገበያው ሁሉ ሰማ። ነጋዴ ቀረ፣ መረብ ተሰቀለ፣ ዓሣ የለመደው ልጅ ደረቅ ቂጣ እየተሰጠው ያለቅስ ጀመር።

ሐይቁን የሚያስተዳድሩት ሰዎች «ውጤትህን አምጣና እንወስን» አሉት። ሊያስረክብ ቁጭ ብሎ ቁጥሮቹን ሲያይ አንድ ነገር ከነከነው። ዕድሜ የጠገበው ዓሣና የዘንድሮው ጫጩት የያዙት እርሳስ እኩል ነው። «ዕድሜ ልኩን መርዝ ሲጠጣ የኖረና ትናንት የተፈለፈለ እንዴት እኩል ይሆናሉ?» አለ።

በሙያቸው አንድ ወግ አላቸው። ዓሣውን አድርቀው፣ ፈጭተው፣ በብልቃጥ ውስጥ በአሲድ ሲያሟሙት ከጎኑ ዓሣ የሌለበት ብልቃጥ ያስቀምጣሉ። አሲዱ ያው፣ ሙቀቱ ያው፣ የሚሠራው እጅ ያው፤ ዓሣ ብቻ የለበትም። እዚያ ውስጥ የተገኘ ነገር ከዓሣው ሳይሆን ከመርማሪው ቤት የመጣ ነው ማለት ነው። ይሄ ብልህ ታዲያ ምን አደረገ መሰለሽ? ማሞቂያው የሚይዘው ጥቂት ብልቃጥ ስለሆነ «ባዶው ቦታ ይዞ ምን ይሠራልኛል?» ብሎ በምትኩ ሌላ ዓሣ ከተተበት። ስስት!

አሁን ባዶውን ሠራው፤ ዓሣ እንዳለበት አድርጎ፣ አንድም ነገር ሳያጓድል። መሣሪያው እስኪለካ ድረስ ቆሞ በላብ ተጠመቀ። እርሳስ ከሌለበት መንደሩ አለቀለት፤ ካለበት የእሱ ስም አለቀለት። እኔና አንቺ ብንሆን ስማችን እንዲተርፍ ነበር የምንጸልየው።

ቁጥሩ ወጣ። ዓሣ የሌለበት ብልቃጥ የያዘው እርሳስ ዓሣዎቹ ከያዙት ጋር እኩል ሆነ! «ተመስገን! የእኔ ነው! የእኔ ነው!» ብሎ ሲጮህ ከጎረቤት ክፍል ያሉት አበደ ብለው እየሮጡ መጡ። ቀና ብሎ ቢያይ እርሳስ ያለበት የጣሪያው አሮጌ ቀለም እየተላጠ ብናኙ ብልቃጦቹ ላይ ሲረግፍ ኖሯል። ክፍል ቀይሮ፣ ባዶውንም ጨምሮ፣ ሁሉንም እንደገና ለካ። ዓሣው አንዳች እርሳስ የለበትም።

ያን ቀን መንደሩ ሄዶ በሰው ሁሉ ፊት «ሐይቃችሁ ንጹሕ ነው፤ ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አለ። የጣሪያውንም ነገር ሳይደብቅ ነገራቸው። አንድ ሽማግሌ አጥማጅ «እህ፣ ልጆቻችንን ስታስርብ የከረምከው የራስህን ጣሪያ እየለካህ ነው?» አለው።

«አዎ፣ አባቴ።»

«አንተ፣ እግዜር ይይልህ!» አለና ሽማግሌው ሳቀ፤ እንባው እየወረደ ሳቀ። ያኔ ሰዉ ሁሉ እፎይ አለ። ሴቶቹ እልል አሉ፤ ወንዶቹ የተሰቀለ መረባቸውን ለማውረድ ተሽቀዳደሙ። የመጀመሪያውን ዓሣ ራሱ ይብላ ተባለና አቀረቡለት፤ ከአጥንቱ በቀር ምንም አላስተረፈም።

እንግዲህ ልጄ፣ አንቺም እንደዚያ ሰው ነሽ። ምራትሽን ለካሽ ለካሽና ወጧም መረረሽ፣ ሳቋም መረረሽ። ምናልባት እውነትሽን ይሆናል፤ እኔ አላውቃትም። ግን ባዶውን ብልቃጥ ሠርተሻል? እሷ ከቤት ስትወጣ ብቻሽን ተቀመጪ፤ ወጡን ራስሽ ሥሪ፣ ራስሽ ቅመሺ። ከጣፈጠሽ ተመልሰሽ ነይና ስለ እሷ እንነጋገራለን። ያኔም ከመረረሽ ግን የሚረግፈው ከአንቺው ጣሪያ ነውና አትዘኚ፤ የሌላን ሰው ጠባይ ማረም ያቅታል፣ የራስን ጣሪያ መፋቅ ግን ይቻላል።

ምን አልሽ? ባለፈው እናቷን ልትጠይቅ ሄዳ ሳለችም መሮሽ ነው የከረመው? እሰይ! እንኳን ደስ አለሽ፣ ልጄ፤ ደህና ምራት አለችሽ!