ወፍራሙ ዕጣ

አንድ የታሪክ መምህር ነበር። ስሙ ስንሻው ይባላል። በአንዲት የወረዳ ከተማ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ዘጠኝ ዓመት አስተምሯል። ሥራው ቋሚ ነው፣ የሚኖርበትም ቤት የትምህርት ቤቱ ነው። ሚስቱ የኔዓለም የመጀመሪያ ልጃቸውን አርግዛ አምስተኛ ወሯን ይዛለች። ሰው ሲያየው ምንም የጎደለበት አይመስልም።

ሆዱን የሚበላው ግን አንድ ነገር ነበር። ሩቅ ከተማ ያለ ዩኒቨርሲቲ በታሪክ ትምህርት ዶክትሬት መማር የሚፈልግ ያመልክት ብሎ ማስታወቂያ አወጣ። ማመልከቻው የሚዘጋው በኅዳር፣ ዓርብ ቀን ነው። ትምህርቱ አምስት ዓመት ይፈጃል። ከዚያ በኋላ ሥራ ይገኛል የሚል ቃል ማስታወቂያው ላይ የለም። ስንሻው ሦስት ጊዜ አንብቦ ፈለገው፣ አላገኘውም።

ቢሆንም ቅጹን ሞላ። የድሮ አስተማሪዎቹን የድጋፍ ደብዳቤ ለመነ። ሁለቱ ቶሎ ላኩለት፣ ሦስተኛው ሲያስጨንቀው ከርሞ እሱም ላከ። ሁሉም ተሟላ። የቀረው አንዲት ቁልፍ ተጭኖ መላክ ብቻ ነው። እሷን መጫን አቃተው። በየቀኑ ከሥራ ሲወጣ ኢንተርኔት ቤት ይገባል፣ ጽሑፉን ይከፍታል፣ አንድ ቃል ያርማል፣ ዘግቶ ይወጣል። የኢንተርኔት ቤቱ ባለቤት፣ "ጋሼ፣ ይቺን ጽሑፍ እኔም በቃሌ ልይዛት ነው" አለው።

መጀመሪያ የሥራ ጓደኞቹን አማከረ። በመምህራን ማረፊያ ተቀምጠው ነገሩን ሲያነሳ የሒሳቡ መምህር ሳቀ።

"ታሪክ ተምሮ ዶክተር? እዚህ አገር ዶክተር ከተባልክ እኮ የታመመች ላም እየጎተቱ ደጅህ ይመጣሉ። ያኔ ምን ልትላት ነው? በስንት ዓመተ ምሕረት ታመምሽ ብለህ ልትጠይቃት?"

ሁሉም ሳቁ። ስንሻውም ሳቀ። "ሰው ሁሉ አይሆንም ካለኝ እኔ ምን ላድርግ" አለ በልቡ፣ ትንሽም ቀለለው። እንግሊዝኛ የምታስተምረዋ መምህርት ግን ወጥታ ልትሄድ ስትል፣ "አንተ ካልሄድክ ከኛ ውስጥ ማን ሊሄድ ነው?" ብላው አለፈች። ጭንቀቱ ተመለሰ።

ቀጥሎ ወደ ሚስቱ ዞረ። ምስር እየለቀመች ነበር።

"የኔዓለም፣ አንቺ እንዲህ ሆነሽ ጥዬሽ ብሄድ ደግ ነው ትያለሽ?"

ቀና ብላ አየችው። "ሂድም አላልኩህ፣ ቅርም አላልኩህ። ብትሄድ እናቴ ጋ እወልዳለሁ። ብትቀር አብረን እናሳድጋለን። ብቻ እኔን ምክንያት አታድርገኝ። የዛሬ ሃያ ዓመት 'በአንቺ የተነሳ ቀረሁ' ስትለኝ መስማት አልፈልግም።"

"እኔ እንዲያ አልልም።"

"አፍህ አይልም። ፊትህ ይላል።"

ከዚህ በኋላ ወደ እግዚአብሔር ሄደ። መሄዱ ደግ ነው፣ መጨረሻ ላይ ሆነ እንጂ። ሊዘጋ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ረቡዕ፣ እንደ ጾመ ወደ ደብሩ ወጣ። እዚያ መሪጌታ ክንፉ የሚባሉ አዛውንት አሉ። በወጣትነታቸው ከአንዱ መምህር ወደ ሌላው እየዞሩ አሥራ አራት ዓመት የተማሩ ሰው ናቸው። አሁን ዓይናቸው ደክሟል።

"የኔታ፣ ጨንቆኛል። ዕጣ ይጣልልኝ" አላቸው።

በዚያ አገር ሰው ነገር ሲያቅተው ሁለት ወረቀት ይጻፋል፣ ይታጠፋል፣ ዳዊት ውስጥ ይገባል። ጸሎት ከተደረሰ በኋላ አንዱ ይወጣል። የወጣው የፈጣሪ ቃል ነው ተብሎ ይያዛል።

"እንግዲያ አንተው ጻፈው። የእኔ ዓይን ፊደል መለየት ትቷል" አሉት።

ስንሻው ዞር ብሎ በአንዱ "ልሂድ"፣ በሌላው "ልቅር" ብሎ ጻፈና አጥፎ ሰጣቸው። መሪጌታ ዳዊታቸው ውስጥ ከተቱት፣ ቆመውም በቃላቸው ረጅም ጸሎት አደረሱ።  ሲጨርሱ ስንሻው እጁን ዘረጋ።

"የኔታ፣ እኔው ላውጣው።"

መሪጌታ ወረቀቶቹን አውጥተው አልሰጡትም። በጣታቸው አንድ በአንድ አሻሿቸው። ዕድሜ ልካቸውን ብራና ሲዳስሱ የኖሩ ጣቶች ናቸው።

"ልጄ፣ አንደኛው ወፍራም ነው። ደጋግመህ አጥፈኸዋል።"

ስንሻው የዘረጋውን እጁን ሰበሰበ።

"በእጅህ ለይተህ ልታወጣው ነበር። ይሁን፣ ሰው ሲጨንቀው የማያደርገው የለም። ወፍራሙ 'ልሂድ' የሚለው ነው፣ አይደል? ትምህርት የጠማው ሰው መቼም..."

"አይደለም፣ የኔታ" አለ።  "ወፍራሙ 'ልቅር' የሚለው ነው።"

መሪጌታ ይህን አልጠበቁም። ቀስ ብለው አጠገባቸው ያለ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

"መቅረት ከፈለግህ ማን ያዘህ? መቅረት ኃጢአት አይደለም። እኔ ተምሬ አገሬ ስገባ እናቴ ከተቀበረች ስድስት ዓመት ሆኗት ነበር። ትምህርት ዋጋ ያስከፍላል። አላባብልህም።"

"መቅረት ብፈልግማ ምን ቸገረኝ። መሄድ ነው የምፈልገው። ግን እፈራለሁ። አምስት ዓመት ተምሬ ባዶ እጄን ብመለስስ? ልጄ ሳያውቀኝ ቢያድግስ? ጭራሽ ባይቀበሉኝስ? እግዚአብሔር ቅር ብሎኝ ነው ልል ነበር። ያኔ ማንም ፈሪ አይለኝም፣ እኔም ራሴን አልልም።"

"ለመሆኑ ምን ልትማር ነው?"

"ትንሽ ነገር ናት" አለ። "ተማሪዎቼን ስለ ክፉ ቀን ሽማግሌ ጠይቃችሁ ኑ ብዬ ነበር። ያ ከብቱ ያለቀበት፣ ሰው የረገፈበት ዘመን። አንዷ ከቤቷ ሰምታ መጣች። አንድ ቤተሰብ አንድ እንስራ የጤፍ ዘር ከምድጃው ኋላ ቀብሮ፣ እየራበው ሳይነካው ቆየ። ዝናብ ሲመለስ አውጥቶ ለመንደሩ ሁሉ እፍኝ እፍኝ አካፈለ። የኔታ፣ የራበው ሰው ዘሩን እንዴት ሳይበላ ይቀራል? ማን አስተማረው? እንዲህ ያለ ቤት ስንት ነበር? ከአባቶቻቸው የሰሙት ሽማግሌዎች እያለቁ ነው። ባለፈው ክረምት እንኳ ሁለቱ..."

ብዙ አወራ። ጾሙን ረሳ፣ ሰዓቱንም ረሳ። መሪጌታ ሳያቋርጡ ሰሙት።

"ከመጣህ ጀምሮ ድምፅህ ከመሬት ነበር የሚመጣው። አሁን ግን ቀና አለ" አሉት። "ይህን ማመልከቻው ላይ ጽፈኸዋል?"

"አልጻፍኩትም። ትንሽ መስላኝ። ትልልቅ ቃል ነው የጻፍኩበት።"

"አይ አንተ። እንስራውን ትተህ ክዳኑን ልትልክላቸው ኖሯል።" ወረቀቶቹን መዳፉ ላይ አኖሩለት። "ውሰዳቸው። ጉልበት ስጠኝ ብለህ ለምን፣ እኔም አብሬህ እለምናለሁ። ፈጣሪ ግን በፍርሃትህ ላይ አይፈርምልህም።"

ስንሻው ቤቱ ገብቶ ሚስቱ አጠገብ ተቀመጠ። "እፈራለሁ" አላት። ከዚህ በፊት ብሏት አያውቅም።

"ይህን ቃል ስንት ጊዜ ጠበቅሁት" አለችው። "እኔም እፈራለሁ። በል አሁን እንነጋገር።"

ሲነጋገሩ አመሹ። ሐሙስ ትልልቁን ቃል አጥፍቶ ስለ እንስራው ጻፈ። ዓርብ ኢንተርኔት ቤት ገባ። ቁልፏን ተጫነ።

"ጋሼ፣ ዛሬስ ጨረስክ?" አለው ባለቤቱ።

"አልጨረስኩም። ላክሁት እንጂ።"

መልሱ እስከ ሚያዝያ አይመጣም። ከመልሱ በፊት ልጁ ይመጣል። ስንሻው አሁንም ይፈራል፣ ሥራ ስለ መገኘቱም ማንም ቃል አልሰጠውም። ቢቀበሉት ይሄዳል። ባይቀበሉት ሽማግሌዎቹ ጋ ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄደ ይጠይቃል። ይህን ከሚስቱ ጋር ቆርጠዋል።

ወገኖቼ፣ መሄድም ደግ ነው፣ መቅረትም ደግ ነው። የተማረ ሁሉ አልከበረም፣ የቀረ ሁሉም አልተዋረደም። ክፉው ነገር ፈርተን የተውነውን ነገር በሰው፣ በትዳር፣ አልፎም በእግዚአብሔር ማሳበብ ነው። ፍርሃትን ለፈጣሪ መንገር ጸሎት ነው። ፍርሃትን የፈጣሪ ቃል ብሎ መጥራት ግን ሐሰት ነው።

እርስዎስ ዛሬ ጸልየው የሚጠብቁት ነገር ካለ፣ ወረቀትዎን አንድ ጊዜ በጣትዎ ይዳስሱት። ወፍራሙ የትኛው ነው?