ከኋላ ማን አለ?

ቀረብ በሉና ስሙ። አንጓች ወንዝ ድልድይ ሳያውቅ፣ ኮሌጅም ተራራ ከተራራ ታልፎ የሚደረስበት ሩቅ ነገር በነበረበት ዘመን፣ ቢተው የሚባል ወጣት አባት ነበር። ሁለት ሴት ልጆች ነበሩት። ታላቋን፣ የሻረግን፣ ወንዙ ወሰዳት።

ገበያውም ትምህርት ቤቱም ከወንዙ ማዶ ነው። ሰዉ የሚሻገረው ወንዙ በጠበበበት ነበር፤ ጠባቡ ቶሎ ያልቃል ብሎ። ጉልበተኛ ይቀድማል። የተሻገረ ወደ ገበያው ይሮጣል። ያን ቀን የሻረግ የመጨረሻ ነበረች። ዞሮ ያያት የለም። ቢተውም ከፊት ነበር።

ከዚያ ወዲያ ታናሿን ማንጠግቦሽን ወንዝ አላስቀርብ አለ። እኩዮቿ ትምህርት ቤት ሲወርዱ እሷ አጥር ይዛ ታያቸዋለች።

ክረምት ገባ። ደምለው መጣ። ደምለው የጥጥ ፈታይዋ ልጅ ነው፤ ከመንደሩ ኮሌጅ የደረሰ እሱ ብቻ። ሰዉ ከረባት አስሮ ይመጣል ሲል፣ እሱ ጥያቄ ይዞ መጣ። ወንዝ ዳር ተቀምጦ ይውላል። በሬዎቹ ለምን በጠባቡ አይሻገሩም ይላል። ያገኘውን ሁሉ ይጠይቃል።

«የገባህበት ኮሌጅ የበሬ ነው እንዴ?» አሉት።

ሳቀ። መልሶ ጠየቀ። ከዚያ ረጅም እንጨት ይዞ ወንዙ ውስጥ ገባ። ጠባቡ እንጨቱን ዋጠው። በሬዎቹ የሚሻገሩበት ሰፊው ግን ከጉልበት አላለፈም። መሻገሪያው ወደዚያ ዞረ።

ደምለው ቢተው ደጅም ሄደ።

«ጋሼ ቢተው፣ ያን ቀን ከኋላዋ ማን ነበር?»

ቢተው ዱላ አነሳ። ደምለው አልሸሸም። ለማወቅ ነበር የጠየቀው፤ ቢተው ይህን ከዓይኑ አየ። ዱላውን አወረደ።

«ማንም» አለ።

ጥያቄው ቢተው ዘንድ ቀረ። ሲያርስም አብሮት ያርሳል።

ክረምት ገባ። ደምለው መጣ። አሁን የኮሌጅ ጓደኞቹን ይዞ ነው። ከተሜዎች ናቸው፤ ጭቃው በየደረሱበት ይጥላቸዋል፣ ሴቶቹ ይስቁባቸዋል። እነሱም አብረው ይስቃሉ። ቃጫ ለመኑ። መንደሩ ቃጫ አመጣ። መንደሩና ተማሪዎቹ ገመድ ገመዱ፤ የተማሪዎቹ መዳፍ ተላጠ። ገመዱን ከወዲህ ማዶው ዋርካ እስከ ወዲያ ማዶው ዋርካ ወጠሩት። ቢተውም ሲገምድ ዋለ። ሲያልቅ ተንጠለጠለበት። ገመዱም ቻለው።

«እንግዲህ ማንጠግቦሽ ትሂድ» አሉት።

«ገመድ ይያዛል» አለ ቢተው። «ገመድ ግን ዞሮ አያይም።»

ደምለው ይህን ሰማ። ይህንኑ ይዞ ወደ ኮሌጁ ተመለሰ።

ክረምት ገባ። ደምለው መጣ። መስከረም ሲጠባ ትምህርት ቤቱ ተከፈተ፤ ወንዙ ግን ገና ሙሉ ነው። ደምለው ቢተው ደጅ ቆመ።

«እኔ ከሁሉም ኋላ እሆናለሁ» አለው።

ቢተው ማንጠግቦሽን ትከሻው ላይ አወጣ። ገመዱን ይዞ ገባ። ተሻገረ። የመንደሩ ልጆች ተከትለው ተሻገሩ። እንደ ልማዳቸውም ሁሉም ወደ መንገዱ ዞሩ። ቢተውም ዞረ። ግን እግሩ እምቢ አለው። ተመልሶ ወንዙን አየ።

«ከኋላ ማን አለ?» አለ።

«እኔ አለሁ» አለ ደምለው፣ ከወንዙ መሀል።

ወዲያው ደራሽ ውሃ ግንድ ይዞ መጣ። ግንዱ ገመዱን መታው፤ ገመዱ በመንደሩ በኩል ካለው ዋርካ ተበጠሰ። ደምለው ጫፉን እንደያዘ ውሃው ዋጠው። ቢተው ማንጠግቦሽን አወረደና ገመዱን ያዘ። «ተመለሱ» አለ። መንገድ የጀመሩት ተመለሱ። ሳቡ። ጭቃ የለበሰ ሰው ወጣ። ደምለው ውሃውን ተፋና የመጀመሪያ ቃሉ ጥያቄ ሆነ።

«ግንዱ ከየት መጣ?»

ማንጠግቦሽ ሳቀች። ቢተው ግን ያን ጊዜ አለቀሰ።

ደምለው ኮሌጁን ጨረሰ። ለማስተማር ሩቅ ቆላ ላኩት፤ እዚያው ቀረ፤ የት እንደተቀበረ የሚያውቅ የለም። ማንጠግቦሽም በጊዜዋ ተራራውን አልፋ ኮሌጅ ገባች።

ዛሬ አንጓች ድልድይ አለው። ዛሬም ግን ሙሽራ ያጀበ ይሁን ሬሳ የሸኘ፣ ቀድሞ የተሻገረ አይሄድም። ይቆማል። «ከኋላ ማን አለ?» ይላል። የመጨረሻው «እኔ አለሁ» ይላል። እንግዳ ሰው በዚህ ያበቃ ይመስለዋል። እነሱ ግን ሁሉም ከተሻገረ በኋላ ጥቂት ይቆያሉ። አሁን ደግሞ ማንን ነው የምትጠብቁት ብትሏቸው፣

«የሻረግን» ይላሉ።