የሽኮኮዋ ምልክት

ተረት ተረት፤ ከብቱ በረት ገብቷልና አድምጡኝ።

በድሮ ጊዜ ገደል በመውጣት የተመሰገነች አንዲት ዋልያ ነበረች። ግልገሎቹ ሁሉ ወደ ተራራው ጫፍ የሚወጡት እሷን ተከትለው ነበር። እሷ ግን ገደል ትፈራለች፤ ይህንንም ለማንም ተናግራ አታውቅም።

አንድ ቀን ዝናብ እንዳባራ ግልገሎቹን አስከትላ ገደሉ ወገብ ላይ ስትደርስ እግሯ አልንቀሳቀስ አላት። ግልገሎቹ ከኋላዋ በጠባቡ ድንጋይ ላይ ተደርድረው ይጠብቃሉ። ያን ጊዜ አንዲት አሮጊት ሽኮኮ ከገደሉ ስንጥቅ ብቅ አለች። ዋልያዋ አንገቷን ደፋች።

«እትዬ ሽኮኮ፣ እንዴት እንደምነግርዎ አፈርኩ። እስከ ዛሬ የወጣሁት እርስዎ የሸኑበትን ድንጋይ እያሸተትኩ፣ እሱን ብቻ እየረገጥኩ ነው። ዛሬ ዝናቡ ሽታውን አጠበብኝ።»

«አውቃለሁ፣ ልጄ» አለች ሽኮኮ። «ሽኮኮ የሚሸናው አንድ ቦታ ነው። እኔ ግን ጉልበትሽ ሲንቀጠቀጥ ካየሁ ወዲህ ጠንካራ ድንጋይ ባገኘሁ ቁጥር እሸናለሁ። ዘመዶቼ ባለጌ ይሉኛል።»

የዋልያዋ ዓይን እንባ አቀረረ። «ምን ብዬ ላመስግንዎት?»

«ቀስ እያልሽ ተከተዪኝ» አለች ሽኮኮ ፊት ፊት እየወጣች። «ዛሬ ጠዋት ብዙ ውሃ ጠጥቻለሁ።»

የኔ ተረት ጫፍ ደረሰ፤ የእናንተን ደግሞ አምጡ።